የጨለማው ሌንስ

ኑርሃን ዳቦውን በፌስታል አንጠልጥላ በጓሮ በር ስትገባ ወንድሟ ሙዐዊያ ጀርባውን ሰጥቷት በስልክ ያወራ ነበር። «ዓይን ለሌለው ሰው የጨለማ ሌንስ ምን ያደርግለታል? ዛሬ ና ውሰደው፤ እኔ አለሁ» አለ። ድምፁ ክፋት አልነበረበትም፤ ስለ አሮጌ ብስክሌት የሚያወራ ይመስል ነበር። ኑርሃንን ያስደነገጣት ቃሉ ብቻ አልነበረም። በረንዳውን ከጓሮው ከሚለየው መጋረጃ ሥር አባቷ ጋሼ ሰዲቅ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ሙዐዊያ አላያቸውም፤ እሳቸውም አልተንቀሳቀሱም። ስልኩን ዘግቶ ወደ ስቱዲዮው ሲያልፍ ፊታቸውን ወደ ኑርሃን ኮቴ አዞሩና «ዳቦው ትኩስ ነው?» አሏት።

«ትኩስ ነው አባ።»

«እንግዲያው ሳይቀዘቅዝ ቁረሽው።»

የሸዋ ሮቢት የግንቦት ጠዋት አጭር ነው። ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ፀሐይዋ አስፋልቱን ታግለዋለች፤ ቆርቆሮው መንጣጣት ይጀምራል፤ ሰው መስኮቱን ዘግቶ መጋረጃውን ይጥላል። የእነ ኑርሃን ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ከፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር ያለው ሦስተኛው ክፍል ስቱዲዮው ነው። ድሮ ጋሼ ሰዲቅ የከተማውን ሙሽራና ተመራቂ ሁሉ ያነሱበት ነበር። አሁን ሙዐዊያ ጉርድ ፎቶ ያነሳበታል፤ ፎቶ ኮፒ ያደርግበታል፤ ከፋን ፊት ተቀምጦ ደንበኛ ይጠብቅበታል። ኑርሃን ደግሞ በዲጂታል ካሜራዋ ሰርግ ታነሳለች፤ ሙሽራዋ ሴት ፎቶ አንሺ በምትፈልግበት ቤት መጀመሪያ የሚጠራው የእሷ ስም ነው።

የጋሼ ሰዲቅ ካሜራ ከአልጋቸው ራስጌ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። ባትሪ የማያውቅ፣ ፊልም የሚጎርስ አሮጌ ካሜራ ነው። በትንሿ መስኮት ሲያዩ መሀል ላይ ቢጫ አራት ማዕዘን አለች፤ በእሷ ውስጥ ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል። የሌንሱን ቀለበት ሲያዞሩት ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ ልክ አንድ ሲሆኑ ይነሳል። ሌንሶቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ትንሽ፣ ቀላል፣ ለደጅ የሚሆን ነው። ሌላው አፉ የሻይ ብርጭቆ የሚያክል፣ እጅ የሚያዝል፣ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለችውን ጥቂት ብርሃን ለቃቅሞ የሚያነሳ ነው። ጋሼ ሰዲቅ በወጣትነታቸው መንገድ ሊሠራ ከመጣ የውጭ አገር መሐንዲስ የገዙት ነው፤ የቤቱ ሰው የጨለማው ሌንስ ይለዋል።

ሙዐዊያ በዚህ ሌንስ ላይ ያለው አስተያየት የታወቀ ነው። ሮቢት ውስጥ ብርሃን መች ጠፍቶ ነው ብርሃን የሚለቅም ሌንስ የሚያስፈልገው? ዛሬ ስልኩም በጨለማ ያነሳል። እውነቱን ለመናገር የኑርሃንም ሐሳብ ከዚህ የራቀ አልነበረም። አባቷ በሌሉበት አንድ ሁለት ጊዜ ሞክራዋለች። ከባድ ነው፤ ውፍረቱ የመስኮቷን ጥግ ይጋርዳል፤ አፉን ሙሉ ለሙሉ ከከፈቱት ደግሞ ዓይን ላይ ያነጣጠሩት ጆሮ ላይ ያርፋል። አባቷ ራሳቸው የዓይን ሞራ ከጋረዳቸው ወዲህ ያወጡታል፤ ይወለውሉታል፤ መልሰው ይጠቀልሉታል እንጂ ሲያነሱበት አይታ አታውቅም።

ሌንሱን የፈለገው ደረጄ የሚባል፣ አሮጌ ካሜራ የሚሰበስብ የአዲስ አበባ ሰው ነው። ሙዐዊያ ቴሌግራም ላይ ያወጣውን አይቶ ደወለ፤ ሌንሱ ጤነኛ መሆኑን ለማየትም አንድ ጥቅል ፊልም በአውቶቡስ ልኮ «ጥቂት አንሱበት፤ ስመጣ ወስጄ አጥቤ አየዋለሁ» አለ። ኑርሃን ዛሬ ነገ ስትል ቆይታ ፊልሙን ካሜራው ውስጥ የከተተችው ትናንት ነበር። ለአባቷ «ፊልም አግኝቼ ነው» አለቻቸው። ሊሸጥ መሆኑን ግን እሷም ሙዐዊያም አልነገሯቸውም፤ እያንዳንዳቸው ሌላው ይነግራቸዋል ብለው ተዉት።

ቁርሱ ላይ ሙዐዊያ ስልኩን እያየ ዳቦውን ሻይ ውስጥ ይነክራል፤ ኑርሃን የአባቷን ፊት ሰርቃ ታያለች። ጋሼ ሰዲቅ ጠጥተው ሲጨርሱ የትሪውን ጠርዝ በእጃቸው ፈልገው ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ፊልሙ በየትኛው ሌንስ ነው ያለው?»

«በጨለማው» አለች ኑርሃን።

«እንግዲያው ዛሬ ጀውሃ ውሰጂኝ። እታለም ዘምዘም ጋ።»

«በዚህ ሙቀት?» አለ ሙዐዊያ። «ከሰዓት እንግዳ አለብን እኮ።»

«እንግዳውን አንተ ታስተናግደዋለህ። የጠራኸው አንተ ነህ።»

ድምፃቸውን አላነሱም። ሙዐዊያ ወደ ኑርሃን አየ፤ ኑርሃን የዳቦውን ፍርፋሪ መሰብሰብ ጀመረች።

ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ መናኸሪያው ውስጥ ቆዩ። ከፊታቸው የተቀመጠች ሴት የሽንኩርት ዋጋ ወደቀ፣ ለማዳበሪያው እንኳ አልመለሰልኝም እያለች ለማታውቀው ሰው ታወራለች፤ ሰውየውም የማንጎውን ነገር እያነሳ ያጽናናታል። ጋሼ ሰዲቅ ካሜራውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ከከተማው ወጥተው ማሳውና የማንጎው ጥላ በመስኮቱ መሮጥ ሲጀምር ኑርሃን አባቷ ይህን ሁሉ እንደ ጭስ ውስጥ እንደሚያዩት አሰበች። ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ «ወንድምሽ ክፉ ልጅ አይደለም» አሉ።

«አውቃለሁ አባ።»

«ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።»

ኑርሃን ልትመልስላቸው የምትችለውን እያሰበች ነበር፤ እሷም ስለ ሽያጩ ታውቅ እንደነበር ልትነግራቸው አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። የሚኒባሱ ረዳት ሒሳብ ሲጠይቅ ተነፈሰች።

እትዬ ዘምዘም የጋሼ ሰዲቅ ታላቅ እህት ናቸው። እናታቸው ሲሞቱ ወንድማቸውን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። ትዳር ይዘው ዕድሜያቸውን የኖሩት አጣዬ ነበር፤ ከተማው በተቃጠለበት ጊዜ ቤታቸው ነደደ። የሟች ባላቸው፣ የልጆቻቸው፣ የራሳቸው የሙሽርነት ፎቶ፣ ሁሉም ጋሼ ሰዲቅ ያነሷቸው፣ ከነፊልማቸው እዚያው ሳጥን ውስጥ ነበሩ። አሁን ጀውሃ ልጃቸው ፈይዛ ጋ ይኖራሉ። ባለፈው ዒድ ኑርሃን ልታነሳቸው ብላ ፍላሹ ቦግ ሲል እትዬ ዘምዘም ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው እስኪመሽ አልገለጡትም። ፈይዛ በስልኳ ስትሞክርም እምቢ አሉ። «ቤቴ ሲነድ ቆመው በስልክ የሚያነሱ ነበሩ» አሉ።

ፈይዛ አስፋልቱ ዳር ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ቤት ከፍታለች። በምግብ ቤቱ መሀል፣ በጥብሱ ሽታና በሾፌሮቹ ጫጫታ መካከል አሳልፋ ወደ ጓዳ አስገባቻቸው። ከደጁ ፀሐይ ሲገቡ ክፍሉ መጀመሪያ ጨርሶ አይታይም። መስኮቱ ለሙቀቱ ተዘግቷል፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ መጋረጃ ጎን በኩል ብቻ ነው። ቀስ እያለ አልጋው፣ የውሃ ጀሪካኑ፣ የታጠፈው መስገጃ፣ በመጨረሻም አልጋው ጠርዝ ላይ የተቀመጡት ሴትዮ ብቅ አሉ።

«አሰላሙ አለይኩም እታለም።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ሰዲቅ ነህ? ብቻህን ነው የመጣኸው?»

«ኑርሃን አለች።»

«ያን መብረቋን ይዛ?»

«አልያዘችም። የያዝነው የኔን ነው።»

እትዬ ዘምዘም እጃቸውን ዘረጉ። ጋሼ ሰዲቅ ካሜራውን ከጋቢው ፈትተው ሰጧቸው፤ እሳቸውም እንደ ሕፃን ራስ ዳሰሱት። «ይሄ ነገር አላረጀም እንዴ?» አሉ።

«እኛ ቀድመነዋል።»

ሴትየዋ ፈገግ ብለው ሻሻቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ኑርሃን ይህን ስታይ ከግድግዳው ጋ እንደ ቆመች ቀረች። እሺ ያሉ መሆናቸው ነው። ጋሼ ሰዲቅ አልጋው ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ካሜራውን ወደ ዓይናቸው አነሱ። ቀለበቱን ወደ ግራ አዞሩት፤ ወደ ቀኝ መለሱት፤ እንደገና ወደ ግራ። ሌላኛውን ዓይናቸውን ሞከሩ። እትዬ ዘምዘም ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ከምግብ ቤቱ ሒሳብ የሚጠራ ድምፅ ይሰማል። የጋሼ ሰዲቅ ጣቶች ቀለበቱ ላይ ቆሙ፤ ከዚያ ካሜራውን ጭናቸው ላይ አወረዱት።

«ሁለቱ አንድ አልሆኑልኝም» አሉ። ለማን እንዳሉት አይታወቅም።

ኑርሃን መጥታ አጠገባቸው ተንበረከከች። አባቷ ይህን ካሜራ በእጃቸው ሰጥተዋት አያውቁም። ልጅ ሆና ሙዐዊያን ነበር ሊያስተምሩት የሞከሩት፤ እሱ አልወደደውም፤ እሷን የጠየቃት አልነበረም። አሁን እጇን ፈልገው ያዙና ካሜራውን መዳፏ ላይ አኖሩት።

«አንተ ካልሆንክ ማንም አያነሳኝም» አሉ እትዬ ዘምዘም ወዲያው።

«እኔ ነኝ የማነሳሽ። ዓይኑ ብቻ የእሷ ነው።»

ኑርሃን በካሜራው ትንሽ መስኮት አየች። ቢጫዋ ውስጥ ሁለት አክስት አሉ፤ አንዷ ከሌላዋ ወጣ ያለች፣ እንደ ጥላ የሳሳች። አባቷ ጆሮዋ አጠገብ ሆነው በዝግታ ይነግሯታል። ፊቱን ሳይሆን ብርሃን የነካውን መስመር ፈልጊ፤ የሻሹን ጠርዝ ያዢ፤ ከዚያ ወደ ዓይኗ ተመለሺ፤ አትቸኩዪ፤ ስትተነፍሺ አትጫኚ። ሁለቱ ሴቶች ተቀራረቡ፤ ተነካኩ፤ አንድ ሆኑ። ጣቷን ጫነች። ካሜራው ሣጥን ቀስ ብሎ ሲከደን የሚሰማውን ያህል ድምፅ ብቻ አሰማ።

«መቼ ነው የምትጀምረው?» አሉ እትዬ ዘምዘም።

«አነሳችሽ» አሉ ጋሼ ሰዲቅ።

«መቼ?»

«አሁን።»

እትዬ ዘምዘም ፊታቸውን ወደ ኑርሃን አዞሩ። ከዚያ ትከሻቸው ወረደ። የሚቀጣጠል ነገር የሚጠብቅ ሰው አቀማመጥ ለቀቃቸው፤ እግራቸውን አልጋው ላይ አውጥተው እንደ ቤታቸው ተቀመጡ። ኑርሃን ደጋግማ አነሳቻቸው፤ ሲያወሩ፣ ሻሻቸውን ሲፈቱ፣ ፈይዛ ያመጣችውን የማንጎ ጭማቂ ውሃ በዝቶበታል ብለው ሲወቅሱ። ጋሼ ሰዲቅ እያንዳንዷን ድምፅ ሲሰሙ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ።

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል እትዬ ዘምዘም የአልጋውን ጠርዝ በእጃቸው መታ መታ አድርገው «ና አንተም» አሉ። ወንድማቸው ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ ነበር። ኑርሃን ቀለበቱን አዞረች። የአባቷ ፊት አንድ ሲሆን የአክስቷ ሁለት ይሆናል፤ የአክስቷን ስታስተካክል የአባቷ ይበተናል። ሁለቱም እንዲጠሩ የሌንሱን ቀዳዳ እንዳታጠብ ፎቶው ይጨልምባታል። ይህ ሌንስ ሁልጊዜም ያናደዳት በዚህ ነበር።

«አንዳችሁ ትደበዝዛላችሁ» አለች።

«እኔ ልደብዝዝ» አሉ ጋሼ ሰዲቅ።

«አንተ ከደበዘዝክ እኔ ፎቶውን ምን አደርገዋለሁ?» አሉ እህታቸው።

ኑርሃን ካሜራውን አወረደች። ልትለው ያሰበችው ነገር ለትልልቅ ሰዎች የሚባል አልመሰላትም። «ተጠጉና ጉንጫችሁን አገናኙ» አለች በመጨረሻ። «እኩል ስትሆኑ ብቻ ነው ሁለታችሁንም የሚያነሳው።»

ከውጭ ከባድ መኪና ሲቆም ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ጋሼ ሰዲቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በአልጋው ላይ ትንሽ ፈቀቅ አሉ፤ ከዚያ ቆሙ። ሚስት አግብተው፣ ልጅ አሳድገው፣ ሸምግለው የእህታቸውን እጅ ከመሳም አልፈው አያውቁም። እትዬ ዘምዘም ናቸው እጃቸውን ዘርግተው የወንድማቸውን አንገት የያዙት፤ ጎትተው ወደ ራሳቸው አስጠጓቸው፤ ጉንጭ ከጉንጭ ተገናኘ።

«ራስህ አሁንም ይከብዳል» አሉ። «አዝዬህ ውሃ ስወርድ እንዲህ ነበር የምትተኛብኝ።»

የጋሼ ሰዲቅ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ዓይናቸው ተከደነ። ቢጫዋ ውስጥ አራት የነበሩት ፊቶች ቀስ ብለው ሁለት ሆኑ። ኑርሃን ክርኗን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ጣቷን ጫነች። ከዚያ ፊልሙን ልታዞር ብትሞክር አልዞር አላት፤ አልቋል።

ከሰዓት ሮቢት ሲመለሱ ሙዐዊያ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አባቱን ደግፎ ወደ በረንዳው ካስገባ በኋላ ኑርሃንን ወደ ጎን ወሰዳት።

«ጠዋት ሰምተውኛል አይደል?»

«ሰምተውሃል።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «ለሞራው እኮ ነው» አለ። «ስንቴ ለመንኳቸው። በልጆቼ ኪስ ዓይን አላስገፍፍም አሉ። በራሳቸው ዕቃ ከሆነ እምቢ አይሉም ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ ብለህ አልነገርካቸውም?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሻቸውም?»

ኑርሃን አጠገቡ ተቀመጠች፤ ሁለቱም አስፋልቱን አዩ።

ደረጄ ስቱዲዮው ውስጥ ከፋኑ ፊት ተቀምጦ ቀዝቃዛ ውሃ ይጠጣል። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ የተለጠፈ፣ ጎልማሳ፣ ትሑት ሰው ነው። ጋሼ ሰዲቅ ሲገቡ ብድግ አለ። ሌንሱን ሲሰጡት በር ላይ ወጥቶ ወደ ብርሃን አነሳው፤ ቀለበቱን አዞረው፤ ፊቱ እንደ ልጅ ሆነ።

«ሳትገዛ እውነቱን ልንገርህ ልጄ» አሉ ጋሼ ሰዲቅ። «ይከብዳል። ይስታል። ለደጅ አይሆንም።»

«አውቃለሁ አባቴ» አለ ደረጄ። «እኔና ጓደኞቼም በዚህ እንደተከራከርን ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት ካሜራ አፈ ሰፊ ሌንስ ይጠቅማል፣ አይጠቅምም እያልን። እኔ ራሴ ቤት ሌላ አለኝ፤ ግን ስወጣ ሁልጊዜ ትንሹን ነው የምይዘው።»

«ታዲያ ይሄን ለምን ፈለግከው?»

ደረጄ ሳቀ። «ምናልባት አንድ ቀን ያስፈልገኛል እያልኩ።»

«እኛን ዛሬ አስፈለገን» አሉ ጋሼ ሰዲቅ። ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። «አሁን ግን የኔ አይደለም። ካሜራውም ሌንሱም የኑርሃን ነው። እሷን ጠይቃት።»

ሙዐዊያ ኑርሃንን አየ። ደረጄም ሌንሱን እንደያዘ ዞረ። ኑርሃን ስለ ሰርጎቿ አሰበች፤ አንዱም ላይ ይህን ይዛ አትሄድም። በዓመት ስንቴ ታወጣዋለች? ምናልባት አንዴ፤ ምናልባት አንዴም አታወጣው። ከደረጄ እጅ ተቀበለችው።

«አልሸጠውም» አለች። ወደ አባቷ ዞረች። «ግን የምቀበልዎት ሞራውን ካስገፈፉ ብቻ ነው። ወጪው የኔና የሙዐዊያ ነው። እምቢ ካሉ አሁኑኑ ለሰውየው እሰጠዋለሁ።»

ሙዐዊያ ቀረብ ብሎ ከአባቱ ወንበር አጠገብ ቁጢጥ አለ። «አባ፣ ጠዋት ያልኩትን…» ብሎ መጨረስ አቃተው። «አውፍ ይበሉኝ።»

እጃቸው የልጃቸውን ራስ አገኘው። «አውፍ ብያለሁ» አሉ። ቀጥለውም «መቼ ነው የምንሄደው?» ሲሉ ጠየቁ።

ደረጄ ቅር አልተሰኘም፤ ከተሰኘም አላሳየም። ፊልሙን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ፤ አጥቤና አሳትሜ እልክላችኋለሁ አለ። ሙዐዊያ ምሳ ሳይበላ አልለቀውም።

ፎቶዎቹ በሰኔ መጨረሻ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ መጡ። ብዙዎቹ ጥሩ አልነበሩም። በአንዱ የሻሹ ጫፍ ጥርት ብሎ ፊቱ ጠፍቷል፤ በሌላው ዓይኑ ቀርቶ ጆሮው ወጥቷል። ኑርሃን አንድ በአንድ እያየች ወደ ጎን አስቀመጠቻቸው። ጥሩ የወጡት ሁለት ነበሩ። አንዱ እትዬ ዘምዘም ብቻቸውን፣ «መቼ?» ከማለታቸው በፊት። አንዱ ጉንጭና ጉንጩ።

ሁለቱን ፎቶዎች ጀውሃ የወሰዷቸው አባትና ልጆች ሦስቱም አብረው ሄደው ነው። የጋሼ ሰዲቅ ቀኝ ዓይን ከተገፈፈ ገና ሳምንቱ ነው፤ ሐኪሙ ፀሐይ እንዳይመታው ስላለ ጥቁር መነጽር አድርገዋል። ጓዳው እንደ ወትሮው ጨለማ ነበር። እትዬ ዘምዘም ፎቶዎቹን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው አንድ በአንድ አዩዋቸው። በመጀመሪያው ላይ በጣታቸው የራሳቸውን ፊት ነኩት። ሁለተኛውን ሲያዩ በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

«ይሄ እኔ ላይ የተኛው ሽማግሌ ማነው?» አሉ። ለወንድማቸው ሊያሳዩ ቀና ሲሉ ጋሼ ሰዲቅ መነጽራቸውን አውልቀው ነበር። ፎቶውን አልተቀበሉም።

«አታየውም እንዴ?»

«አያለሁ» አሉ። የሚያዩት ግን እህታቸውን ነበር።

«ምን ታያለህ ታዲያ?»

«አርጅተሻል እታለም።»

«ዛሬ ነው ያወቅከው?»

«ዛሬ ነው ያየሁት።»

እትዬ ዘምዘም ፎቶውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ኑርሃንና ሙዐዊያ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ፈይዛ ከውጭ እጇን እየጠረገች መጥታ ከኋላቸው ቆማለች። ሴትየዋ ሻሻቸውን ከግንባራቸው ወደ ኋላ ገፋ አደረጉት፤ ፀጉራቸው ነጭ ነበር።

«ፈይዛ» አሉ፣ ከወንድማቸው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «ያን መስኮት ክፈቺው። ደህና አድርጎ ይየኝ።»